አሮጌ ሪሲቨርና ሌላ ስፒከር፦ ከዋቱ በፊት ኦሙን እዩ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልድያ ብዙ ቤቶች ውስጥ ከ30 እና ከ40 ዓመት በፊት የተሠሩ ስቴሪዮ ሪሲቨሮች ዛሬም አሉ። ሬዲዮና አምፕሊፋየር በአንድ ሳጥን የያዙ፣ ፊታቸው ብርማ፣ ሲያነሷቸው ወገብ የሚፈትኑ ዕቃዎች ናቸው። አንዳንዱን ከጅዳ ወይም ከሪያድ የተመለሰ ዘመድ አምጥቶታል፤ አንዳንዱ ከአባት የተወረሰ ነው። ሪሲቨሩ ይቆያል፣ ስፒከሩ ግን አብሮት አይቆይም። በብዙ ስፒከሮች ክብ ጠርዝ ላይ ያለው ስፖንጅ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ተፈርፍሮ ያልቃል፤ የተረፈውን አይጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ባለቤቱ ሌላ ይፈልጋል። አናጢ ዘንድ ሳጥን አሠርቶ የመኪና ስፒከር ይገጥምበታል፣ ከተበላሸ ሆም ቲያትር ላይ ትንንሾቹን ይፈታል፣ ወይም ከገበያ ትልቅ ሳጥን ይገዛል። ሲገዛም የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ዋት ነው?» የሚል ነው።

መጀመር ያለበት ግን ከሌላ ጥያቄ ነበር። አሮጌ ሪሲቨርን በአብዛኛው የሚገድለው የስፒከሩ ዋት ሳይሆን ኦሙ ነው። ይህን ሳያውቁ ስንት ጤነኛ ዕቃ በአንድ የሠርግ ምሽት እንደተቃጠለ ማየት ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የተቃጠለውን እንደ ነበረ መመለስ ከባድ ነው። በእነዚህ ሪሲቨሮች ውስጥ ያሉት ኃይለኛ ትራንዚስተሮች አብዛኞቹ ዛሬ አይመረቱም። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ በተሠሩት ውስጥ የምናገኛቸው ኤስቲኬ የሚባሉት ጥቅል ክፍሎችም እንደዚያው ናቸው። በገበያ ላይ በስማቸው የሚሸጠው ብዙው አስመስሎ የተሠራ ስለሆነ ጠጋኙ ገጥሞት ሳይጨርስ እንደገና ይነዳል።

ነገሩን ለመረዳት ሪሲቨሩ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሪሲቨሩ በስፒከር መውጫው ላይ የሚያቀርበው ቮልት ነው፤ የድምፁን ቁልፍ ስትጨምሩ ቮልቱ ይጨምራል። ከዚያ ቮልት ምን ያህል ከረንት እንደሚሳብ የሚወስነው ግን ስፒከሩ ነው። ኦም ማለት ስፒከሩ ከረንቱን ምን ያህል እንደሚገታ የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ መግታቱ ይቀንሳል፣ የሚሳበው ከረንት ይበዛል። በቆቦ ሜዳ በፓምፕ የሚያጠጣ ገበሬ የቦዮቹን አፍ በሙሉ በአንድ ጊዜ ቢከፍት ውሃው ይበዛለታል፤ ፓምፑ ግን ከአቅሙ በላይ ይሠራል።

በቁጥር እንየው። ሪሲቨሩ በአንድ በኩል 20 ቮልት እያወጣ ነው እንበል። 8 ኦም ስፒከር ከተገጠመለት 2.5 አምፔር ይስባል፣ ኃይሉም 50 ዋት ይሆናል። በዚያው ቮልት 4 ኦም ቢገጠም ከረንቱ 5 አምፔር፣ ኃይሉ 100 ዋት ይሆናል። 2 ኦም ከሆነ ደግሞ 10 አምፔርና 200 ዋት ይጠየቃል። የድምፁ ቁልፍ ካለበት ቦታ አልተነቃነቀም፤ ሪሲቨሩ የተሸከመው ግን አራት እጥፍ ሆኗል። ለ50 ዋት የተሠራ ዕቃ ይህን አይችልም። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ደመቅ ስለሚል ባለቤቱ ይደሰታል፤ የውስጡ ሙቀት በጆሮ አይሰማምና።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከሪሲቨሩ ጀርባ ነው። አቧራውን ጠርጋችሁ በስፒከር መውጫዎቹ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የኦም ምልክት የግሪኩ ኦሜጋ ነው፤ እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት ቅርጽ አለው። ብዙዎቹ ሪሲቨሮች ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ጥንድ መውጫዎች አሏቸው። ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ኤ ብቻ ወይም ቢ ብቻ ሲሠራ ከ4 እስከ 16 ኦም፣ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ደግሞ ከ8 እስከ 16 ኦም ይላል። ሁለተኛው ቁጥር ለምን ከፍ አለ? ኤ እና ቢ አብረው ሲበሩ በአብዛኛዎቹ ሪሲቨሮች ስፒከሮቹ ጎን ለጎን ይያያዛሉ፤ ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት እኩል ስፒከሮች ደግሞ ኦማቸው በግማሽ ይወርዳል። ሁለት 8 ኦሞች 4 ይሆናሉ፣ ሁለት 4 ኦሞች 2 ይሆናሉ። ሳሎን ውስጥ 4 ኦም ጥንድ፣ በረንዳ ላይ ሌላ 4 ኦም ጥንድ ገጥሞ ሁለቱንም ማብራት ማለት ሪሲቨሩን በ2 ኦም ማሠራት ነው። እንግዳ በበዛበት ቀን፣ ድምፅ ሁሉም ጋ ይድረስ ሲባል የሚደረገው ይኸው ነው። ሁለት ጥንድ አብሮ ማሠራት የሚፈልግ ሰው አራቱም ስፒከሮቹ 8 ኦም መሆናቸውን ያረጋግጥ።

በጥቂት ሪሲቨሮች ኤ እና ቢ አብረው ሲበሩ ስፒከሮቹ በተከታታይ ነው የሚያያዙት። ለማወቅ ቀላል ነው፦ አንድ ጥንድ ብቻ ገጥማችሁ ሁለቱንም ስታበሩ ድምፁ ጭራሽ ከጠፋ ተከታታይ ነው ማለት ነው። እንዲህ ባለው ላይ ኦሙ ስለሚደመር የመቃጠል ስጋቱ ይቀንሳል፣ ድምፁ ግን ይሳሳል።

አሁን ወደ መኪና ስፒከር እንምጣ፤ በእኛ አካባቢ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነውና። የመኪና ስፒከር በየገበያው ይገኛል፣ ዋጋውም ከቤት ስፒከር ይቀላል። ለመኪና የተሠራ በመሆኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነው። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ብቻ ስለሆነ ከትንሽ ቮልት ብዙ ኃይል ለማግኘት ኦሙን ዝቅ ማድረግ ግድ ሆኗል። በአንድ ሳጥን ውስጥ አንድ ብቻ ከተገጠመና ሪሲቨሩ 4 ኦም እንደሚቀበል ጀርባው ላይ ከተጻፈ ችግር የለም። ችግሩ በአንድ ሳጥን ሁለት ሲገጠም ነው፤ ሳጥን የሚያሠራ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ማስገባት ያንስበታል። ሁለቱን ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር አገናኝቶ ወደ ሪሲቨሩ የሚወስድ ሰው 2 ኦም ሠርቷል።

መፍትሔው ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለቱን በተከታታይ አያይዟቸው። ከሪሲቨሩ ቀይ መውጫ የመጣው ሽቦ በመጀመሪያው ስፒከር መደመሪያ (+) ላይ ይታሰራል። የመጀመሪያው ስፒከር መቀነሻ (−) ከሁለተኛው መደመሪያ ጋር ይገናኛል። የሁለተኛው መቀነሻ ወደ ሪሲቨሩ ጥቁር መውጫ ይመለሳል። 4 እና 4 ተደምሮ 8 ኦም ይሆናል፣ አሮጌው ሪሲቨርም በጣም የሚመቸው ይህ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ሁለቱ ስፒከሮች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። የተለያዩ ከሆኑ ኃይሉን እኩል አይካፈሉም፣ ድምፃቸውም ይዘበራረቃል። በአንድ ሳጥን አራት መግጠም የሚፈልግ ሰው ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አያይዞ፣ ሁለቱን ጥንዶች ደግሞ ጎን ለጎን ቢያገናኝ እንደገና 4 ኦም ያገኛል። እኔ ግን ለቤት አልመክረውም፤ ሁለት ጥሩ ስፒከር በደንብ በተዘጋ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ ከአራት ተራ ስፒከር ይበልጣል።

ከሆም ቲያትር የተፈቱት ትንንሽ ስፒከሮች የባሰ ያታልላሉ። መጠናቸው ስለሚያንስ ጉዳት የሚያደርሱ አይመስሉም፤ ጀርባቸውን ስታዩ ግን ብዙዎቹ 3 ወይም 4 ኦም ናቸው። የተሠሩት ከራሳቸው ማሽን ጋር ብቻ እንዲሠሩ ነው። ሁለት 3 ኦሞችን በተከታታይ አድርጎ 6 ኦም ማውጣት ይቻላል፣ ከእነሱ ቤዝ መጠበቅ ግን አይገባም።

በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ የምናያቸው የቀንድ ቅርጽ ያላቸው ድምፅ ማጉያዎች ሌላ ቤተሰብ ናቸው። ብዙዎቹ በውስጣቸው ትንሽ ትራንስፎርመር አለ፤ በ100 ቮልት መስመር እንዲሠሩ ታስበው ነው የተሠሩት። 20 ዋት ላይ የተስተካከለ እንዲህ ያለ ማጉያ 500 ኦም ያህል ስለሆነ በቤት ሪሲቨር ላይ ቢገጠም ጉዳት አያደርስም፣ ነገር ግን ሹክሹክታ ብቻ ነው የሚሰማው። አደገኛው ተቃራኒው ነው፦ የቤት ስፒከርን በሞንታርቦ አምፕሊፋየር የ100 ቮልት መውጫ ላይ ማሰር ስፒከሩን ያቃጥለዋል።

ጽሑፉ የጠፋበት ስፒከር ሲያጋጥም ቴስተር ያስፈልጋል። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ የስፒከሩን ሁለት ጫፍ ንኩ፤ ስፒከሩ ከምንም ነገር ጋር አለመያያዙን አስቀድሙ። የሚታየው ቁጥር ከተጻፈው ሁልጊዜ ዝቅ ይላል። 8 ኦም ስፒከር ከ5.5 እስከ 7፣ 4 ኦም ደግሞ ከ3 እስከ 3.8 አካባቢ ያሳያል። 6.3 አንብቦ «ይህ 6 ኦም ነው» ማለት የተለመደ ስህተት ነው፤ 8 ኦም ነው። ቁጥሩ ዜሮ አጠገብ ከሆነ የውስጡ ሽቦ ተነካክቷል፣ ስፒከሩን ወደ ሪሲቨሩ አታስጠጉት። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል።

ልዩነቱ የሚመጣው ቴስተሩ የሚለካው በባትሪ ከረንት ስለሆነ ነው፤ ሙዚቃ ግን ተለዋዋጭ ከረንት ነው። በሙዚቃ ጊዜ የስፒከሩ ኦም እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ይወጣል ይወርዳል። ዓለም አቀፉ መለኪያ ከተጻፈው ቁጥር ከ80 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይጠይቃል፤ ማለትም 8 ኦም የተባለው እስከ 6.4 ሊወርድ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚወርደውም ወፈር ያለው ድምፅ ባለበት አካባቢ ነው። የአንድ ማሲንቆ ትዝታ ሪሲቨሩን ብዙም አያስቸግረውም፤ በመንዙማ መሀል ድቤው ሲመታ ወይም የባንድ ቤዝና ከበሮ አብረው ሲገቡ ግን ከረንቱ በቅጽበት ይዘላል። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ካገኙበት አገር ሆነን እነዚህን ድምፆች በወጉ መስማት ይገባናልና፣ ቤዙን በቁልፍ እስከ ጥግ ከማዞር ይልቅ ስፒከሩን ወደ ግድግዳው ጠጋ ማድረግ ይሻላል። ግድግዳው ያለ ምንም ተጨማሪ ከረንት ቤዙን ያጎላዋል።

ወደ ዋት ስንመለስ፣ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት በሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ብዙ ቁጥር የማይታመን መሆኑ ነው። ፒኤምፒኦ የሚል ፊደል ያለበት 2,000 ወይም 5,000 ዋት ምንም መለኪያ የለውም፤ ሻጭ የፈለገውን የሚጽፍበት ቦታ ነው። በአሜሪካ በፈረንጆቹ 1974 የወጣ ደንብ አምራቾች የስቴሪዮ ዕቃ ኃይል ሲያስተዋውቁ ሳይቋረጥ የሚሰጠውን ዋት፣ በስንት ኦም ላይ እንደሆነ ጭምር እንዲገልጹ አስገድዷል። በዚያ ዘመን ለዚያ ገበያ የተሠራ ሪሲቨር በአንድ በኩል 30 ዋት ካለ በእርግጥም 30 ነው። ለሌላው ዕቃ ጀርባው ላይ ከመብራት የሚወስደውን ዋት እዩ። 120 ዋት የሚወስድ ማሽን ያለማቋረጥ 500 ዋት ድምፅ ሊያወጣ አይችልም።

ስፒከሩ ከሪሲቨሩ የበለጠ ዋት ቢኖረው ሪሲቨሩን ይጎዳዋል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። 100 ዋት የተጻፈበት 8 ኦም ስፒከር በ30 ዋት ሪሲቨር ላይ በሰላም ይሠራል። የስፒከሩ ዋት የሚችለው ጣሪያ እንጂ የሚጠይቀው ዕዳ አይደለም። እንዲያውም ትኩረት የሚገባው ትንሽ ኃይል ያለው ሪሲቨር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ነው። ያን ጊዜ የሚያወጣው ሞገድ አናቱ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ሞገድ ብዙ ቀጭን ድምፅ ይጨምራል፣ ቀጭኑም ቀጭን ድምፅ ወደሚያወጣው ትንሽ ስፒከር፣ ወደ ትዊተሩ ይሄዳል። የትዊተር ሽቦ ከፀጉር የማይተናነስ ነው፤ 50 ዋት በተባለ ሳጥን ውስጥ እንኳ ትዊተሩ ሳይቋረጥ የሚችለው ጥቂት ዋት ብቻ ሊሆን ይችላል። ትዊተሩ የሚነደውም በዚህ መንገድ ነው። ድምፁ መሻከር ሲጀምር፣ «ሸ» እና «ሰ» ሲፋጩ ወዲያውኑ ቀንሱ።

ቁልፉ ግማሽ ላይ ነው፣ ገና ብዙ ይቀረዋል ብላችሁም አትተማመኑ። አሮጌ ሪሲቨሮች ከቴፕና ከመሰል ዕቃ የሚጠብቁት 150 ሚሊቮልት አካባቢ ነበር። ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ያወጣል፣ ስልክም ከ150 ሚሊቮልት በላይ ያወጣል። ስለዚህ ሪሲቨሩ ቁልፉ ግማሽ ሳይደርስ አቅሙን ሊጨርስ ይችላል። ስልክ የምታያይዙ ከሆነ ኦክስ ወይም ቴፕ በተባለው መግቢያ ይሁን፤ ፎኖ የተባለው ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ ስለሆነ ስልኩን ከመጠን በላይ አጉልቶ ያበላሸዋል።

ድምፁ በቂ ካልሆነ ከዋት ይልቅ የስፒከሩን የስሜት ልክ፣ ማለትም በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት የሚሰጠውን ዴሲቤል ጠይቁ። 90 ዴሲቤል ያለው ስፒከር በ20 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ፣ 87 ዴሲቤል ያለው ለመስጠት 40 ዋት ይፈልጋል። ለጆሮ እጥፍ መስሎ እንዲሰማ ደግሞ ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። በመጠነኛ ሳሎን ውስጥ በረጋ ድምፅ ስናዳምጥ በአማካይ የምንጠቀመው 1 ዋት ያህል ነው ብል ብዙ ሰው አያምነኝም፤ እውነቱ ግን ይህ ነው።

ስለ ሽቦ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 1.5 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ እስከ 10 ሜትር ርቀት ለ8 ኦም ይበቃል፤ ሄዶ መመለሻው 0.23 ኦም ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለሚረዝም 2.5 ተጠቀሙ። ትልቁ ጥንቃቄ ጫፉ ላይ ነው፦ ከቀዩ መውጫ ያፈነገጠች አንዲት ቀጭን ክር ጥቁሩን ብትነካ ሪሲቨሩ በዜሮ ኦም ሠራ ማለት ነው። ጫፉን አጥብቃችሁ ጠምዝዙ፣ ብትችሉ በቆርቆሮ አስበይዱት፤ ሽቦ ስትነቅሉና ስትሰኩም ሪሲቨሩ ይጥፋ። ግራና ቀኙ ቀይ ለቀይ፣ ጥቁር ለጥቁር ይሁን፤ አንዱ ከተገለበጠ ምንም ባይቃጠልም ቤዙ ይጠፋል። ምልክቱ የጠፋበትን ስፒከር በ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ነክታችሁ እዩ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከተገፋ የባትሪው መደመሪያ የነካው ቀዩ ነው።

ከስፒከሩ በፊት ደግሞ የመብራቱ ቮልት አለ። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በሳዑዲ አረቢያ የቤት መብራት ለረጅም ዘመን 127 ቮልት በ60 ኸርዝ ነበር፤ የአሜሪካ 120፣ የጃፓን 100 ቮልት ነው። ከዚያ የመጣ ሪሲቨር ጀርባው ላይ የቮልት መምረጫ ካለው ሶኬቱ ተነቅሎ ወደ 220 ይዞር። ከሌለው ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ አቅሙም ሪሲቨሩ ከሚወስደው ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። 60 ኸርዝ ብቻ የተጻፈበት ዕቃ በ50 ኸርዝ ሲሠራ የውስጡ ትራንስፎርመር ይበልጥ ይሞቃል። ለ127 ቮልት የተሠራው 110 ሲሰጠው ግን የቮልቱ መቀነስ የኸርዙን መቀነስ ያካክሰዋልና ብዙም አይጨነቅም። የጃፓኑ 100 ቮልት ላይ 110 መስጠት ግን አይገባም።

ለዓመታት ተቀምጦ የነበረ ሪሲቨር ከሆነ በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካ። ጠጋኝ ዘንድ ወስዳችሁ በተከታታይ ባለ ክር አምፑል፣ ባለ 60 ወይም 100 ዋት፣ አብሩልኝ በሉት። አምፑሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ደምቆ ከቀረ ውስጡ የተነካካ ነገር አለ። ቀጥሎ ስፒከር ሳይታሰር፣ የድምፁ ቁልፍ ዜሮ ላይ ሆኖ በቀይና በጥቁር መውጫ መካከል ያለውን የባትሪ ዓይነት ቮልት ይለካ። ከ50 ሚሊቮልት በታች መልካም ነው። ከ100 ካለፈ ይፈተሽ። ሙሉ ቮልቶች ከታዩ የሚገጠመው ስፒከር ይነዳል። ፊውዝ ተበጥሶ ከተገኘም በዚያው አምፔር ይተካ፤ በሽቦ የተጠገነ ፊውዝ ካያችሁ ያንን ሳታስወጡ ምንም አታብሩ።

የማስቀመጫው ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን አይደለም። የአምፕሊፋየር ሙቀት የሚወጣው ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ነው፤ እኛ ደግሞ ዳንቴል እናለብሰዋለን፣ በላዩም የአበባ ማስቀመጫ እናደርጋለን። ዳንቴሉ ይነሳ፣ ከላይ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ይኑረው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አይዘጋበት። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የሚሠሩት ከባሕር ጠለል እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ታስበው ነው፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ከጦሳ ተራራ ሥር ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። የደሴ ብርድ ያግዛል፣ አየሩ ግን ስስ ነው። ዝቅ ብላ ያለችው ኮምቦልቻ አየሯ ወፈር ቢልም ቀኑ ይሞቃል። ስለዚህ ሁለቱም ዘንድ ክፍት ቦታው ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋም ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉት፤ ሲመለስ በሚመጣው ድንገተኛ ቮልት ብዙ ዕቃ ይጎዳል። መብራቱ ከተረጋጋ በኋላ ብትሰኩት ይበቃል።

ሁሉም ተስተካክሎ ስታበሩ አብዛኛዎቹ ሪሲቨሮች ከጥቂት ሰከንድ በኋላ «ጠቅ» ይላሉ፤ ስፒከሩን የሚያገናኘው የመከላከያ ሪሌ ነው። ይህ ድምፅ ካልተሰማና ስፒከሩ ዝም ካለ ሪሲቨሩ ችግር አይቶ ከልክሏል ማለት ነውና ደጋግማችሁ አታስገድዱት። ከሠራ ግማሽ ሰዓት በመጠነኛ ድምፅ አጫውታችሁ ክዳኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ለብ ማለቱ የተለመደ ነው። እጅ ማቆየት እስኪያቅት ከጋለ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ይልቅ ከሞቀ፣ አጥፉትና የዚያን ጎን ስፒከር እንደገና በቴስተር ለኩ፤ እሱ ጤነኛ ከሆነ ሪሲቨሩ ራሱ ወደ ጠጋኝ ይሂድ።